ፈርሚ ያሉሽ ወረቀት

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3፣ ከሰዓት በኋላ

የኔ እናት፣ ሆዴ፣

«ደህና ነሽ ወይ» ብዬ እንዳልጀምር ሐሙስ በስልክ ስታስነጥሺ ሰምቼሻለሁ፤ ደህና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። አንገትሽን ሸፍኚ። መስኮት ከፍቶ መተኛት ንጹሕ አየር ነው ትያለሽ፤ ንጹሕ አየሩ አፍንጫሽን ከዘጋው ምን ሊረባሽ ነው? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይነጫነጫል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝ። እሱም ቢሆን ከሱቁ ወደ ቤት የሚያስወጣውን ደረጃ ነው የሚጠላው፤ ገበያ ስሄድ ድምፁ አይሰማም።

«የባዮሎጂው ቦታ ምን ደረሰ? ለምን ዝም አሉኝ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «እጽፍልሻለሁ» ያልኩሽ ልሸሽሽ ፈልጌ አይደለም። አባትሽ ጆሮውን ከስልኩ ጋር አጣብቆ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱ ባለበት ሳወራ ሳላውቀው እሱ የሚፈልገውን አወራለሁ። ስለዚህ አሁን እሱ ከታች ሱቁን እየጠበቀ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ትኩስ ነገር ይዘሽ ተቀመጪ።

መምህርሽ ይህን ክረምት አስተምረው ጡረታ እንደሚወጡ ታውቂያለሽ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ግድግዳ ሥር አስቀምጠው ጉንዳን ስላሳዩዋችሁ «ጉንዳን» ያላችኋቸው እናንተ ናችሁ። ዛሬ ያሉት ተማሪዎችም ስሙ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ እንደዚያው ይሏቸዋል። ያንቺ ማመልከቻ ሲደርስ እሳቸው ራሳቸው ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው «ከእሷ የተሻለ ፈልገህ አታገኝም» ብለውታል። ይህን የነገረኝ ዳይሬክተሩ ነው። አባትሽ ደግሞ ማመልከቻሽ የገባ ዕለት ክፍልሽን ቀለም መቀባት ጀመረ። መልስ እንኳ ሳይመጣ! «ምን ያስቸኩልሃል?» ብለው «ቀለሙ ሊደርቅ ጊዜ ይፈልጋል» አለኝ። ሦስቱን ግድግዳ ቀባና አራተኛው ላይ እጁ ስለደከመው እኔ ጨረስኩለት። የእሱና የእኔ የተገናኘበት ቦታ በደንብ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ትምህርት ሲዘጋ ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት በካርቶን ተጭነው እኛ ዘንድ ለጥረዛ እንደሚመጡ መቼም አልረሳሽውም፤ ስንቱን ክር ሰም ስታስነኪልኝ አድገሻል። ዘንድሮ ከባዮሎጂዎቹ ጋር አንድ እሽግ በራሪ ጽሑፍ መጣ። ስምንት ገጽ ነው፤ ባለቀለም፣ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ። ስለ ሥነ ፍጥረት ነው የሚናገረው፤ ዓለምን ማን እንደፈጠረና ለምን እንደፈጠረ። ያሳተመው የወላጆች ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢያቸው ጥጉ ላይ ያለው ባለፋርማሲ ነው፤ በልጅነትሽ የሳሉን ሽሮፕ «ይጣፍጣል፣ ጨምርልኝ» ብለሽ ያሳቅሽው። ዳይሬክተሩ ደወለና «እትዬ፣ ከዝግመተ ለውጡ ምዕራፍ ቀጥሎ ይሰፋልን» አለኝ። «መምህሩስ ያውቃሉ?» ብለው «ይነገራቸዋል» አለ። ይህን ልጅ አፍንጫው ሲዝረበረብ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለው ለእሱ ነው።

እኔ ደስ አለኝ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ? ዓለም ባለቤት አላት ብዬ ነው የማምነው፤ ወደፊትም እንደዚያው ነኝ። ባለፈው የመጣሽ ጊዜ ሳህን እያጠብን የተከራከርነውን አልረሳሁም። «እማ፣ ማንም ሰው ከዝንጀሮ መጣ አላለም፤ የጋራ ቅድመ አያት ነው ያልነው» አልሽኝ። «ያው ነው፤ ዘመድ ካደረግሽኝ በየት በኩል እንደሆነ ምን ቸገረኝ» አልኩሽ። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔ ግን የምሬን ነበር። ማታ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ሳስበው ሆዴ ባባ። ይህቺ ልጅ እኔ ስጸልይላት ኖሬ፣ የምጸልይለት ሰማይ ለእሷ ባዶ ነው ማለት ነው ብዬ። ስለዚህ ያ እሽግ ወረቀት ሲመጣ የሌሎች እናቶች ልጆች እንኳ ይትረፉ አልኩ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ብትወጂውም ባትወጂውም እንዲህ ነው ያሰብኩት።

አባትሽ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «በሙጫ ጫፉን አጣብቂው፤ ምዕራፉ ካለቀበት ላይ ልክ ይቀመጥልሻል» አለኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ አይደለሁ? «በሙጫ የተያዘ ወረቀት በልጆች እጅ አንድ መንፈቅ አይቆይም። ይህ የፈጣሪ ነገር ነው፤ ይሰፋል» አልኩት። «የሚሰፋ ነገር የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ» አለኝ። ሥራው እንዴት እንደሆነ ረስተሽው ከሆነ፣ መጽሐፍ ማለት አንዱ ባንዱ ውስጥ የታጠፉ ወረቀቶች ክምር ነው። ክሩ የሚያልፈው በእጥፉ ሆድ፣ መሃል ለመሃል ነው። አዲስ ወረቀት ልስፋ ካልሽ የሚገባው እዚያው መሃል ላይ ብቻ ነው፤ ምዕራፉ የትም ይለቅ የት፣ እጥፉ ስለ ምዕራፍ አያውቅም። እኔም አውቃለሁ፣ ግን «ጥቂት ገጽ ወዲያ ቢሄድ ምን ይሆናል» ብዬ ሰፋሁት። ገጹ ላይ ያለውን ግን አላነበብኩም። ይህን ሁሉ ዓመት መጽሐፍ ስሰፋ ኖሬ መች አንብቤ አውቃለሁ? ሁለቱን ካርቶን ለክረምት ትምህርት ስለፈለጓቸው ቶሎ ጨርሼ ላክሁ።

አሁን የሆነውን ስሚ። ከዝግመተ ለውጡ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ በሰው ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩ ትሎች ነው። የእጥፉ መሃል የዋለው እዚያ ላይ ነው። በግራ በኩል ያለው ገጽ የሚያልቀው «ሴቷ ወስፋት እንቁላሏን በአንጀት ውስጥ ትጥላለች፤ እንቁላሉም ከሰገራ ጋር ይወጣል» ብሎ ነው። ቀጥሎ በቀኝ በኩል የእኔ ባለቀለም ወረቀት ይመጣል፤ አናቱ ላይ በትልልቁ «ይህ ሁሉ ለሰው ልጅ ደስታ ተፈጠረ!» ይላል።

መምህርሽ አንዲትን ልጅ አስነስተው ያስነብቧታል። ልጅቷ ጎበዝ አንባቢ ናት አሉ፤ ከግራው ገጽ ወደ ቀኙ ተሻግራ ሳታቋርጥ ቀጠለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከወንበሩ ወድቋል ይባላል። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ግን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ተማሪው ሁሉ አየ። እኔም ሲነገረኝ ሳቅሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። አባትሽማ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀና «ሰፋሽው እኮ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክር ባነሳሁ ቁጥር «ሰፋሽው እኮ» ነው።

ሳቁ ግን አንድ ቀን ነው የቆየው። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ሌላ ሆኖ አደረ፤ «ጉንዳን ሆን ብሎ በፈጣሪ አሳቀ፣ ወረቀቱን ከትል ጋር ያሰፋው እሱ ነው» ተባለ። ሰውየው ሊወጡ ሳምንታት ሲቀራቸው በዚህ ስም ይውጡ? ስብሰባ ተጠራ። እኔም ስካርፌን አሰርኩና ሄድኩ። አባትሽ ደረጃው ስለሚያደክመው ቀረ።

ስብሰባው እናንተ በተማራችሁበት ክፍል ነው። የልጆች ወንበር ላይ ተጣጥፈን ተቀመጥን፤ የሁላችንም ጉልበት አገጫችን ላይ ደርሷል። ማንም ሳይናገር እጄን አወጣሁና «ወረቀቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እዚያ የገባው የስፌት ነገር ነው እንጂ መምህሩ የት እንደተሰፋም አያውቁ» አልኩ። መጽሐፉን ገልጬ ክሩን አሳየኋቸው። አመኑኝ፤ አንዲት እናት እንደገና መሳቅ ጀመረች። እኔ እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። ለካስ ገና መጀመሩ ነው።

ባለፋርማሲው ተነሳ። ሰውየው ሲናገር አይጮህም፤ እሱን እወድለታለሁ። «እኔ የሳይንስ ጠላት አይደለሁም፣ ቤቴን የማስተዳድረው በሳይንስ ነው» አለ። «ግን ትንሿ ልጄ ማታ መጥታ፣ ‹አባዬ፣ አንተ ነህ የምትዋሸኝ ወይስ መጽሐፉ?› አለችኝ። እስቲ ምን ልበላት? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ ያንን ምዕራፍ ቀዳችሁ ጣሉት አላልኩም። ይህም እኩል ቦታ ይሰጠው ነው የምለው። ሁለቱንም ይስሙና ልጆቹ ይምረጡ።»

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ብዙ ሰው ነቀነቀ። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ከኋላ ተነሳ፤ እሱና ቤተሰቡ የሚጸልዩት ሌላ ቦታ ነው።

«ወረቀቱን አነበብኩት፤ ጥሩ ነው» አለ። «እኛም ቤት ፈጣሪ ፈጠረ ነው የምንለው። አፈጣጠሩ ላይ ግን እንደ እናንተ አይደለም የምንናገረው። የኔ ልጆች ታዲያ የናንተን ይማሩ? ወይስ እኔም የራሴን ስምንት ገጽ አሳትሜ ላምጣ?»

«አምጣ! ማን ከለከለህ?» አለ አንዱ።

«እኔ ካመጣሁ ጎረቤቴም ያመጣል። መጽሐፉ ስንት ኪሎ ሊሆን ነው? በኋላ ልጆቹ ይሸከሙት ወይስ እኔ በአውቶቡሱ ላመላልሰው?»

ሰው ሳቀ፤ ባለፋርማሲውም ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። ከዚያ መምህሩ ተነሱ። በጣም ከስተዋል፤ ያ ግራጫ ኮታቸው ሰው ያልለበሰው ይመስላል። አልተቆጡም።

«እኔ አማኝ ነኝ» አሉ። «ከዚህ ቤት ግማሹ በየሳምንቱ ከጎኔ ቆሞ ነው የሚጸልየው፤ ስለዚህ ማንም ስለ እምነቴ እንዳይነግረኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን እፈትናለሁ፤ የፈተንኩትን አርማለሁ። ሥራዬ ነው። ሥነ ፍጥረትን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ካስተማርኩ ልፈትነው ነው። አንድ ልጅ ሲሳሳት ምን ልስጠው? እምነቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከአስር አራት ብዬ ልጻፍበት? ያመነውንስ፣ ስላመነ ከአስር አስር ልስጠው? እኔ የሰው እምነት ማረም አልችልበትም። የምችልበት ስለ ወስፋት ማረም ነው።»

እኔ ተስማማሁ አልልሽም፣ ዛሬም ልጆች ስለ ፈጣሪ ቢማሩ እወዳለሁ። ግን የኔን እምነት ከአስር ስንት ይሰጡታል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ጧት ጧት ሳር ላይ ያለውን ጤዛ ሳይ አስር ከአስር ነኝ። አባትሽ ከደረጃው የወደቀ ሰሞን ግን፣ አልነገርንሽም፣ አሁን ደህና ነው፣ ሦስት እንኳ ባገኝ ትልቅ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ማንም መጥቶ ቢያርመኝ ኖሮ ወድቄ እቀር ነበር። ያወጣኝ እምነቴ ሳይታረም መተዉ ነው።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ከመጽሐፉ ይውጣ፣ የፈለገ ወላጅ በእጁ ይውሰድ ተባለ። ካርቶኖቹ ተመልሰው መጡልኝና አንድ በአንድ ፈታሁ፣ አወጣሁ፣ መልሼ ሰፋሁ። የወጡትን ግን አልጣልኳቸውም። ሱቁ በር ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ሰው እያነሳ ይሄዳል። ሹፌሩም አንድ ወስዷል፣ «ላየው ብዬ ነው» ብሎ።

እንግዲህ ያንቺ ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ባለፋርማሲው ተሸንፎ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ደግሞ ማንም ተቀይሞበት እንዲያድር አይፈልግም፤ ሮጦ በሩ ላይ ያዘውና «አዲስ በሚቀጠረው መምህር በኩል እናስተካክለዋለን» አለው። አስተካከሉትም። ባለ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተዋል። ቦታውን የሚፈልግ ሰው ይፈርምበታል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌ ልኬልሻለሁ፤ ራስሽ ታነቢዋለሽ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ሳስተምር ትምህርቱ ግምት ብቻ መሆኑንና እኔም በግሌ የማላምንበት መሆኑን ለተማሪዎቼ እገልጻለሁ።»

ወረቀቱን ይዘው ሱቅ ድረስ የመጡት ሁለቱ አብረው ነው። አባትሽ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና «እትዬ፣ እሷ እኮ የኛው ልጅ ናት፤ ከእሷ ሌላ ማንንም አንፈልግም» አለ። «ትፈርምና ክፍሏ ገብታ በሩን ትዝጋው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማረች ማን ያያታል?»

ባለፋርማሲው ይህን አልወደደውም። «አይ፣ ከፈረመች እንድትፈጽመው ነው የምፈልገው» አለ። «ካልሆነ ለምን ትፈርማለች?»

በዚህ አከበርኩት። ሰውየው የሚለውን ያምናል፤ በአብዛኛውም እኔ የማምነውን ነው የሚያምነው። ከሁለቱ ሆዴን ያቃጠለው ዳይሬክተሩ ነው። «እልክላታለሁ፤ እንደማውቃት ከሆነ ግን አትፈርምም» አልኳቸው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁሻል። ሌላ አንድ አመልካች አለ፣ ገና መመረቁ ነው፤ ወረቀቱን ሳያነብ ፈርሞ ሰጣቸው ይባላል። አንቺ ካልፈረምሽ ቦታው የእሱ ነው። ወጣት ስለሆነ ደግሞ አንዴ ከገባ መቼ ይወጣል? እዚያ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ቦታ ሲከፈት በዕድሜዬ ይህ ሁለተኛው ነው።

ከሄዱ በኋላ እኔና አባትሽ ተጣላን። ተጣላን ስልሽ ታውቂዋለሽ፣ እኔ እናገራለሁ እሱ ሳጥን ይከፍታል ይዘጋል።

«ትፈርም» አለኝ።

«የማታምንበትን?»

«ወረቀት ነው። ዕድሜያችንን ወረቀት ስንጠርዝ ነው የኖርነው፤ ወረቀት ምን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን።»

«ታዲያ ልጆቹ ፊት ቆማ ‹አላምንበትም› ትበል? በየዓመቱ?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቶሎ ብላ ትለዋለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ እናያታለን» አለኝ። ሳጥኑን ዘጋው። አንጀቴን በላው። የሚቆርጠውን ካርቶን ከፊቱ አንስቼ እኔ ቆረጥኩለት፤ አሁን ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ። የእጁን ድካም ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሏል፤ ስለዚህ አታስቢ።

እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ልቤ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። ለጎረቤት ሴቶች ብነግር «ትፈርም እንጂ! ልጅሽን አትፈልጊም?» ይሉኛል። አልፈልግሽም? ጧት ስነሳ የምሰማው ያንቺን ክፍል በር ነው፤ ማንም ሳይከፍተው። በመንገድ ላይ ካንቺ እኩያ ሴት ከእናቷ ጋር ዕቃ ይዛ ስትሄድ ካየሁ ቀኑን ሙሉ ከሰው አልስማማም። የእኔ ጉጉት ከአባትሽ ያንሳል ብለሽ እንዳታስቢ። እሱ ቀለም ቀባ፤ እኔ አንሶላ ገዝቼ ደብቄያለሁ።

ግን ልጄ፣ አትፈርሚ።

ተሳስተሻል ብዬ ነው የማምነው። ፈጣሪን አንድ ቀን ታገኚዋለሽ ብዬ እጸልያለሁ፤ እስክሞትም አላቆምም፤ ቢሰለችሽም ቻዪው። አንቺ አለማመንሽ ያሳዝነኛል እንጂ አያሳፍረኝም፤ አስበሽበት፣ ተምረሽው፣ ፊት ለፊቴ ሳህን ይዘሽ የነገርሽኝ ነገር ነው። ብትፈርሚ ግን አፍራለሁ። ልጆች ፊት ቆመሽ በሆድሽ ያለውን «የለም» ስትይ፣ ያውም እኔ በማምነው ፈጣሪ ስም፣ እኔ ጎንሽ ተቀምጬ በየቀኑ እያየሁሽ! እሱን ለማገዝ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት እሱ ዘንድ ሲደርስ ምን የሚባል ይመስልሻል? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ ልጆቹ ያንቺን ዓይን ያነባሉ። ልጅ ደግሞ ሲነበብለት ከሚሰማው ይልቅ ፊት ሲያነብ ነው ጎበዝ። የባለፋርማሲው ልጅ ያኔ «የምትዋሺው አንቺ ነሽ ወይስ መጽሐፉ?» ብትልሽ ምን ትመልሺላታለሽ?

እኔ ካንቺ ጋር መከራከር እፈልጋለሁ። እስክናረጅ። አንቺ ከፈረምሽ የምከራከረው ከማን ጋር ነው?

ውሳኔው ግን ያንቺ ነው፤ ትልቅ ሴት ነሽ። እኔ እዚህ ተቀምጬ የማዝዝሽ ለልማድ ነው። ከፈረምሽም በሩን አልዘጋብሽም፣ አንሶላውንም አነጥፍልሻለሁ። ብቻ እናቴ ፈልጋ ነው ብለሽ እንዳትፈርሚ። እናትሽ አልፈለገችም። እናትሽ የፈለገችው አንቺን ነው፤ ሌላ ሰው አስመስለው ቢልኩልኝ አልቀበልም። መምህርሽም ሰላም ብለውሻል። ወረቀቱን አሳይቻቸው ነበር፤ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና ብዙ ጊዜ ሲያጸዱት ቆዩ፣ ከዚያ «እሷ ታውቃለች» ብለው ሄዱ።

ባለሽበት ደጅሽ ይስፋ። የምታስተምሪያቸው ልጆች ይውደዱሽ፤ ባይወዱሽም ይፍሩሽ። የምትውይበት ሰላም፣ የምታድሪበት ሞቃት ይሁን። አታምኚበትም ብለሽ ምርቃቴን እንዳትመልሺው፤ ምርቃት የሚሠራው በመራቂው እምነት ነው እንጂ በተመራቂው አይደለም። አባትሽ አሁን ወደ ላይ ወጣ፤ ደረጃውን በሁለት ዕረፍት ነው የወጣው። የጻፍኩትን ሁሉ ተቀብሎኝ አነበበና «እስክሪብቶውን ስጪኝ» አለኝ። ከጻፈ ቆይቷል፤ ፊደሉ ከመስመሩ ይሸሽበታል፣ አንብቢለት። ከታች ቦታ ትቼለታለሁ።

የምትናፍቅሽ፣
እናትሽ

ልጄ
እናትሽ የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው።
እኔ ግን አርጅቻለሁ።
አባትሽ